ከቁስቋም እስከ ዝዋይ፦ «ወይና ደጋ» ስለሚለው ስም የተደረገ አነስተኛ ጥናት

መቅድም

ቆላ፥ ወይና ደጋና ደጋ የሚሉት ሦስቱ ቃላት ገና በመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ቤት ሳለን የተማርናቸው ናቸው። ወይና ደጋ ምንድን ነው ተብለን ብንጠየቅ ከፍታውን በሜትር፥ ሙቀቱን በዲግሪ፥ አዝመራውንም በየዓይነቱ ቈጥረን ለመመለስ አንቸገርም። ነገር ግን ይህ ስም በውስጡ «ወይን» የሚል ቃል ስለ ምን እንደያዘ የጠየቀን መምህር አልነበረም፤ እኛም ራሳችን አልጠየቅንም። የወይን ተክል በአብዛኛው ገበሬ ማሳ ላይ በማይታይበት አገር፥ ሕዝብ በብዛት የሰፈረበት የአየር ጠባይ በወይን ስም መጠራቱ ሊያስገርም የሚገባው ነገር ነው።

ይህን ጥያቄ ይዘን አምስት ተማሪዎች ሆነን ባለፈው ኅዳር በብስክሌት የሁለት ቀን ጉዞ አደረግን። መነሻችን በአዲስ አበባ ሰሜን፥ በጉለሌ የሚገኘው ቁስቋም ሲሆን መድረሻችን ዝዋይ ነበረ። በአውሮጳ የወይን አገሮችን በብስክሌት እየዞሩ መጎብኘት የተለመደ ነገር ነው። በጀርመን በ1935፥ በፈረንሳይም በአልዛስ አውራጃ በ1953 «የወይን መንገድ» ተብለው የተሰየሙ መንገዶች አሉ፤ መንገደኛው አስጎብኚ ይዞ ከመንደር ወደ መንደር ሲሄድ ወይኑ በግራና በቀኝ ተዘርግቶ ያየዋል። እነዚያ ወይኑን እያዩ ታሪኩን ይጠይቃሉ፤ እኛ ግን ስሙን ብቻ ይዘን ወይኑን ፍለጋ መሄድ ነበረብን።

መንገዱን የመሩን በወጣትነታቸው በብስክሌት ውድድር የተካፈሉ አንድ የቁስቋም ሰፈር ሰው ናቸው። እኛም በሰፈሩ ወግ «ጋሼ» እያልን እንጠራቸዋለን። ኢትዮጵያ ለመጀመሪያ ጊዜ በኦሊምፒክ በተካፈለችበት በ1956 ወደ ሜልቦርን ከላከቻቸው ስፖርተኞች መካከል ብስክሌት ነጂዎች እንደ ነበሩበት ያስታወሱንም እርሳቸው ናቸው። (በዚህ ጽሑፍ ውስጥ የሚገኙት ዓመቶች ሁሉ በአውሮጳ አቈጣጠር ናቸው።)

ሀ. የቁስቋም ዘቢብ

ቁስቋም በእንጦጦ ተራራ ግርጌ የሚገኝ ሰፈር ነው። ከፍታው ከባሕር ወለል በላይ ከ2500 ሜትር ያልፋል። ከሰፈሩ በላይ ያለውን ተዳፋት የሸፈነው ባሕር ዛፍ በዐፄ ምኒልክ ዘመን ወደ አገራችን የገባ ሲሆን፥ ከዚያ የሚወርደው የጧት ነፋስ ሰውነትን ያንቀጠቅጣል። በመጽሐፋችን ሚዛን ከመዘንነው ቁስቋም ደጋ ነው እንጂ ወይና ደጋ አይደለም። ስለዚህም ከደጋ ተነሥተን ወደ ወይና ደጋ ለመውረድ ከዚህ የተሻለ መነሻ አልነበረንም።

ስሙ ግን ከዚህ ተራራ የበቀለ አይደለም። ቁስቋም በግብጽ አገር ያለ ተራራ ነው፤ እመቤታችን ልጇን ይዛ በተሰደደች ጊዜ ያረፈችበት ቦታ መሆኑ ይታመናል። ይህ ስም በጎንደርም አለ፤ እቴጌ ምንትዋብ በ18ኛው ክፍለ ዘመን ቤተ መንግሥታቸውንና ቤተ ክርስቲያናቸውን ያሠሩበትን ኮረብታ ቁስቋም አሰኝተውታል። የጽጌ ጾም መስከረም 26 ተጀምሮ ኅዳር 5 ከተፈጸመ በኋላ ኅዳር 6 ቀን የቁስቋም በዓል ይውላል። እኛም በዓሉን በዚያው በጉለሌ ውለን በማግሥቱ ለመነሣት ተስማማን።

በበዓሉ ቀን ከቅዳሴ በኋላ ከአንድ አረጋዊ መሪጌታ ጋር ተቀምጠን ስለ ቍርባኑ ወይን ጠየቅናቸው። የነገሩን ሥርዓት በብዙ አጥቢያ የሚሠራበት ነው። ዘቢቡ ይታጠባል፤ በውኃ ይዘፈዘፋል፤ ከራሰም በኋላ ይጨመቃል። ይህ ሁሉ የሚሠራው ኅብስቱ በሚዘጋጅበት፥ ቤተ ልሔም በሚባለው ቤት ሲሆን ከተመደቡት አገልጋዮች በቀር ሌላ ሰው አይገባበትም። ከመካከላችን አንዱ «የኔታ፥ ዘቢቡ ከየት ይመጣል?» ብሎ ጠየቀ።

«ከመርካቶ ነዋ» አሉት። «ነጋዴውስ ከየት ያመጣዋል?» ቢላቸው «ከባሕር ማዶ» ብለው ጥቂት ዝም አሉ። ከዚያም «ልጆቼ፥ እኔ ከልጅነቴ ጀምሮ ዘቢቡን አውቀዋለሁ፤ ሐረጉን ግን በዓይኔ አላየሁትም» አሉን።

ይህ ንግግር በጉዞው ሁሉ ከአእምሮአችን አልወጣም። ያለ ወይን ቅዳሴ የለም፤ አገራችንም ከ1600 ዓመት በላይ ስትቀድስ ኖራለች። እንግዲህ ይህን ያህል ዘመን ወይኑ ከየት ይገኝ ነበር? በአገሩ የሚበቅል ነበረን ወይስ ከመጀመሪያው ጀምሮ ከውጭ የሚመጣ? «ወይና ደጋ» የሚለው ስም ለዚህ ምስክር ሊሆን ይችላልን? የጥናታችን ጥያቄ ይኸው ነው።

ለ. የጽሑፍና የቍፋሮ ማስረጃ

ወደ መንገዱ ከመግባታችን በፊት ከመጻሕፍት የሰበሰብነውን በአጭሩ ማስቀመጥ ይገባናል።

በ1ኛው ክፍለ ዘመን አንድ የግሪክኛ ጸሐፊ ስለ ቀይ ባሕርና ስለ ሕንድ ውቅያኖስ ንግድ በጻፈው፥ ፔሪፕሉስ በተባለው መጽሐፍ ውስጥ ወደ አዱሊስ ወደብ ከሚገቡት ዕቃዎች መካከል የላዖዲቅያና የኢጣልያ ወይን ይገኛል፤ መጠኑም ብዙ እንዳልሆነ ተጽፎአል። ይህ የሚያስረዳን የአክሱም መኳንንት ወይን ይጠጡ እንደ ነበረና ቢያንስ ከፊሉ በመርከብ የመጣ መሆኑን ነው።

በ4ኛው ክፍለ ዘመን ንጉሥ ኢዛና በቤጃ ላይ ስላደረገው ዘመቻ በድንጋይ ያስጻፈው ጽሑፍ ደግሞ፥ ስድስት አለቆች ከ4400 ሰዎቻቸው ጋር ተማርከው ወደ ሌላ አገር ሲወሰዱ በመንገድ የተሰጣቸውን ስንቅ ሲዘረዝር እንጀራና ሥጋ፥ ጠላና ወይን ይላል። ለዚህን ያህል ሕዝብ የተሰጠው ወይን ሁሉ በባሕር የመጣ ነው ለማለት ያስቸግራል። ይሁን እንጂ ጽሑፉ የንጉሡን ለጋስነት ለማሳየት የተቀረጸ ስለሆነ፥ ቃሉን እንደ መጋዘን መዝገብ አድርገን ልንቀበለው አይገባም።

ሦስተኛው ማስረጃ ከመሬት የወጣ ነው። ከ1993 እስከ 1997 በአክሱም በተደረገው የአርኬኦሎጂ ቍፋሮ ከእህል ቅሪቶች ጋር የወይን ፍሬ ዘር ተገኝቶአል። ይህ ብርቱ ማስረጃ ነው፤ ነገር ግን ዘቢብም ዘር አለው። ዘቢብ ከሩቅ አገር በከረጢት ተጭኖ ሊመጣ ስለሚችል፥ ዘሩ ብቻውን ተክሉ በዚያ ለመብቀሉ ፍጹም ማረጋገጫ አይሆንም።

ከአክሱም ዘመን ወደ 16ኛው ክፍለ ዘመን ብንሻገር ነገሩ ይበልጥ ይገለጥልናል። ከ1520 እስከ 1526 በዐፄ ልብነ ድንግል ዘመን በአገራችን የቆየው የፖርቱጋል ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ፥ የወይን ጠጅ ከወይን ፍሬ በግልጥ የሚጠመቀው በንጉሡና በጳጳሱ በአቡነ ማርቆስ ቤት ብቻ እንደ ሆነ ይናገራል። በየአብያተ ክርስቲያናቱ ያለው የቅዳሴ ወይን ግን ከዘቢብ የሚዘጋጅ ነው ይላል፤ ዘቢቡ በውኃ ተዘፍዝፎ እስኪያብጥ ድረስ ቆይቶ እንደሚጨመቅም ይጽፋል። መሪጌታው በቁስቋም የነገሩን ሥርዓት ከ500 ዓመት በፊት ከተጻፈው ጋር ይህን ያህል መስማማቱን ስናይ እጅግ ተደነቅን።

ስሙ ራሱ በታሪክ ውስጥ ጎልቶ የሚታየው ከዚህ ጥቂት ዓመታት በኋላ ነው። በ1543 በየካቲት ወር የዐፄ ገላውዴዎስ ሠራዊት ከኢማም አሕመድ ሠራዊት ጋር ከጣና በስተ ምሥራቅ ተዋግቶ ኢማሙ የወደቁበት ቦታ ወይና ደጋ ይባላል። እንግዲህ ስሙ ቢያንስ በ16ኛው ክፍለ ዘመን የታወቀ ነበር ማለት ነው። ለማነጻጸር ያህል፥ ዛሬ በአፍሪቃ በወይን ጠጅ ስመ ጥር በሆነው በደቡብ አፍሪቃ በኬፕ የመጀመሪያው ወይን የተጨመቀው በ1659 ነው።

ሐ. ቁልቁለቱ

ኅዳር 7 ቀን ጎሕ ሲቀድ ከቁስቋም ተነሣን። በሽሮ ሜዳ፥ በስድስት ኪሎና በአራት ኪሎ አድርገን መስቀል አደባባይ እስክንደርስ ድረስ ፔዳል የረገጥነው ጥቂት ነው። ጋሼ ከፊት ሆነው «ፍሬኑን አታንቁት፤ ቀስ አድርጋችሁ ያዙት» እያሉ ይጮኹልን ነበር። የደጋንና የወይና ደጋን ልዩነት ከመጽሐፍ ከተማርነው ይልቅ በዚያ ጧት በጣታችንና በጆሮአችን ተማርነው። ከቁስቋም ስንነሣ እጃችንን ከኪሳችን ማውጣት ያስጠላን ነበር፤ ቃሊቲን አልፈን አቃቂ ስንደርስ ግን ሹራባችንን አውልቀን በብስክሌቱ ላይ አሰርን። የወረድነው ከፍታ 400 ሜትር ያህል ይሆናል።

የጂኦግራፊ መጻሕፍት የወይና ደጋን ወሰን የሚያስቀምጡት ጥቂት እየተለያዩ ነው፤ ብዙዎቹ ከ1500 ሜትር ይጀምሩና 2300 ወይም 2400 ሜትር ላይ ያቆማሉ። በዚህ ሚዛን ከመስቀል አደባባይ አካባቢ እስከ ዝዋይ ድረስ ያለው 160 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ በሙሉ በወይና ደጋ ውስጥ ያልፋል። ስለዚህም ሁለት ቀን ሙሉ «የወይን አገር» በተባለው ምድር ውስጥ ተጓዝን ማለት ነው። በመንገዱ ያየነው ግን ሌላ ነው። በዱከምና በቢሾፍቱ ዙሪያ ጤፉ ነጥቶ አጫጁን ይጠብቃል፤ ሽምብራውም በጥቍሩ መሬት ላይ ለምልሞአል። በየመንደሩ ቆመን የወይን ሐረግ ያለው ሰው እንዳለ ጠየቅን። አንድ ገበሬ ሳቅ ብለው «ወይን የምትሉት ጠርሙሱን ነው?» አሉን።

ቢሾፍቱ ስንደርስ ምሳ በላን፤ በዚያም በመካከላችን ክርክር ተነሣ። ክርክሩ ለጥናታችን ዋና ነገር ስለሆነ በሚቀጥለው ክፍል እንመለስበታለን። ያን ቀን ሞጆ አደርን። በማግሥቱ ወደ ቆቃ ስንሄድ የአንዳችን የኋላ ጎማ ተነፈሰ፤ ጋሼም ከቦርሳቸው ማጣበቂያና ፖምፓ አውጥተው በሩብ ሰዓት ጠገኑት። አዋሽን ተሻግረን፥ በ1960 የተፈጸመው የቆቃ ግድብ ያቆመውን ሐይቅ በስተ ግራችን ትተን፥ በዓለም ጤናና በመቂ በኩል ከሰዓት በኋላ ዝዋይ ገባን። የዚህ አገር ከፍታ 1640 ሜትር ያህል ነው። ምድሩ አሸዋማ ሲሆን ግራሩ አልፎ አልፎ ይታያል፤ በሐይቁ ውኃ የሚለማው ሽንኩርትና ቲማቲምም መንገዱን ይከተላል።

ወይኑን ያገኘነው እዚህ ነው። ካስቴል የተባለው የፈረንሳይ ኩባንያ በ2007 ሥራ ጀምሮ ከ100 ሄክታር በሚበልጥ መሬት ላይ ሜርሎ፥ ሲራ፥ ካቤርኔ ሶቪኞንና ሻርዶኔ የተባሉትን የወይን ዓይነቶች አስተከለ። የመጀመሪያዎቹም ጠርሙሶች በ2014 ለገበያ ቀረቡ። ጉማሬና ሌላው አውሬ ተክሉን እንዳያጠፋው በእርሻው ዙሪያ ቦይ ተቈፍሮአል። እኛ ከአጥሩ ውጭ ቆመን ተመለከትን። ሐረጉ በሽቦ ላይ ተዘርግቶ መሥመር ጠብቆ ይታያል። ጋሼ ብስክሌታቸውን ተደግፈው ብዙ ጊዜ ዝም ካሉ በኋላ «የኔታን ይዘናቸው መምጣት ነበረብን» አሉ።

ዘመናዊው የወይን ሥራ በአገራችን በዚህ እንዳልተጀመረ መዘንጋት አይገባም። በአዲስ አበባ በ20ኛው ክፍለ ዘመን የተቋቋሙት ፋብሪካዎች ለብዙ ዓመታት ወይን ሲጠምቁ ኖረዋል፤ ከሁሉ ይልቅ የታወቀው ቀይ ወይንም በምዕራብ ሸዋ በአምቦ አጠገብ በምትገኘው በጉደር ከተማ ስም ይጠራል። ይሁን እንጂ ይህ ሁሉ ከወይና ደጋ ስም እጅግ ያነሰ ዕድሜ ያለው ነው።

መ. ስሞች ይመሰክራሉን?

በቢሾፍቱ የተነሣው ክርክር ይህ ነበር። ከመካከላችን አንዱ እንዲህ አለ፦ «የቦታ ስም ማስረጃ አይሆንም። የተነሣንበት ሰፈር ቁስቋም ይባላል፤ ነገር ግን የግብጹ ተራራ እዚያ የለም። ምሳ የምንበላበት ከተማ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘመን ደብረ ዘይት ተባለ፤ የወይራ ዘይት ተራራ ግን አይደለም። ስሙ ከኢየሩሳሌም የመጣ ነው፤ ዛሬም ቢሾፍቱ የሚለው የቀድሞ የኦሮምኛ ስሙ ተመልሶለታል። ወይና ደጋ የሚለውስ ከመጽሐፍ የተወሰደ አለመሆኑን በምን እናውቃለን?»

ይህ ጥያቄ ቀላል አይደለም፤ ሌሎቻችንም ወዲያው መመለስ አልቻልንም። ከተመለስን በኋላ ነገሩን ደጋግመን ስንመረምረው ግን ሦስቱ ስሞች በአንድ ሚዛን የሚመዘኑ ሆነው አላገኘናቸውም።

አንደኛ፥ ቁስቋምና ደብረ ዘይት የአንድ የተወሰነ ቦታ ስሞች ናቸው፤ ሰያሚው ቤተ ክርስቲያን ወይም ቤተ መንግሥት ነው። ወይና ደጋ ግን ከጣና ምሥራቅ ካለው ቦታ ሌላ፥ የአየር ጠባይ ሁሉ ስም ነው። የሚጠቀምበትም ገበሬው ነው፤ ምን እንደሚዘራ፥ መቼ እንደሚያጭድ የሚወስንበት ቃል ነው። እንዲህ ያለ ቃል የሚወለደው ከእርሻ ልምድ ነው።

ሁለተኛ፥ የአየር ጠባይ ስሞችን ጎን ለጎን ብናስቀምጥ አንድ ልዩነት እናያለን። ቆላና ደጋ የሚለዩት በሙቀትና በከፍታ ነው፤ ውርጭ የሚለው በብርዱ፥ በረሃ የሚለውም በድርቀቱ ይታወቃል። በተክል ስም የተጠራ ወይና ደጋ ብቻ ነው። ምድሩን በብዛት የሚሸፍነው ጤፍ ሆኖ ሳለ ስሙ ከወይን የተወሰደ መሆኑ ምክንያት ሳይኖረው አይቀርም። እንደሚመስለን ወይን ለድንበር ምልክት የሚመች ተክል ስለሆነ ነው፤ ከላይ ብርዱ፥ ከታች ሙቀቱና ድርቀቱ ይወስነዋል። «ወይን የሚሆንለት ደጋ» ብሎ የሰየመ ሰው ወይን የት እንደሚሆንለትና የት እንደማይሆንለት በሙከራ ያወቀ መሆን አለበት። ይህ ዕውቀት በመርከብ ከመጣ ከረጢት ዘቢብ አይገኝም።

ሦስተኛ፥ የአልቫሬዝ ምስክርነት ከዚህ ጋር ይስማማል። በንጉሡና በጳጳሱ ቤት ከፍሬው የሚጠመቅ ወይን ከነበረ፥ ትኵሱ ፍሬ የሩቅ መንገድ ስለማይችል ተክሉ በአገሩ ውስጥ መብቀሉ የተረጋገጠ ነው።

ከዚህ የምንደርስበት ድምዳሜ ልከኛ ነው። «ወይና ደጋ» የሚለው ስም በአገራችን እንደ አልዛስ ያለ ሰፊ የወይን እርሻ ነበር ብሎ አይመሰክርም። የሚመሰክረው አባቶቻችን ተክሉን በቅርብ ያውቁት እንደ ነበረና ምድራቸውን እስከ መለካት ድረስ እንደ ተጠቀሙበት ነው።

ሠ. ስለ ምን ተረሳ?

በዚህ ላይ የምንሰጠው አስተያየት ግምት ነው፤ ነገር ግን ከላይ ባየነው ላይ የተመሠረተ ነው። የወይን ተክል ዓመት እስከ ዓመት ጠባቂ ይፈልጋል፤ ይገረዛል፥ ይደገፋል፥ በክረምት ዝናብም በሻጋታ ይጠቃል። እንዲህ ያለውን ድካም የሚሸከም ሰው የሚገኘው ጠጁ ብዙ ፈላጊ ሲኖረው ነው። በአገራችን ግን የግብሩን አዳራሽ የያዘው የማር ጠጅ ነበር። ማሩም ጌሾውም በየአውራጃው ይገኛል፤ ጠጁም በጥቂት ቀናት ይደርሳል። ለወይን የቀረለት ስፍራ መቅደሱ ብቻ ሆነ። መቅደሱ የሚፈልገው መጠን ደግሞ ጥቂት ነው፤ በደረቅ ዘቢብም ይሟላል። ዘቢብ ሳይበላሽ ይቀመጣል፥ በበቅሎ ይጫናል፥ ከነጋዴ ይገዛል። ስለዚህም ቤተ ክርስቲያን የወይንን ሥርዓት ስትጠብቅ ተክሉን የሚጠብቀው ሰው እያነሰ ሄደ። የ16ኛው ክፍለ ዘመን ጦርነትም፥ ከዚያ በኋላ የተከተለውም ሁከት፥ ለብዙ ዓመት እንክብካቤ ለሚሻ ተክል የተመቸ ጊዜ አልነበረም።

መደምደሚያ

ዝዋይ ባደርንበት ማታ በሐይቁ ዳር ተቀምጠን በውኃው ላይ ያሉትን ደሴቶች አየን። ከእነርሱ ትልቋ ቱሉ ጉዶ ናት፤ ደብረ ጽዮን የሚባል ቤተ ክርስቲያን አለባት። በዮዲት ዘመን ታቦተ ጽዮን ከአክሱም ሸሽታ በዚያ እንደ ቆየች በትውፊት ይነገራል። በአንድ ወገን ጥንታዊ ቤተ ክርስቲያን፥ በሌላው ወገን ከውጭ በመጣ ችግኝ የተተከለ አዲስ የወይን እርሻ አንዱን ሐይቅ ይጋራሉ። ሁለቱ ተያይተው ያውቁ እንደሆነ እርስ በርሳችን ተጠያየቅን።

ምድሩ ወይን የሚያበቅል መሆኑን ስሙ ከጥንት ጀምሮ ሲነግረን ኖሮአል፤ በዝዋይ ያየነውም አረጋግጦልናል። የጎደለው በመሬቱና በመቅደሱ መካከል የነበረው የገበሬው ዕውቀት ነው። ይህም ዕውቀት ፈጽሞ ጠፍቶአል ለማለት አንደፍርም። ስለዚህ የዚህ ጽሑፍ አንባቢ የሆናችሁ ጓደኞቻችን በክረምቱ ዕረፍት ወደየአውራጃችሁ ስትመለሱ ሦስት ነገር እንድትጠይቁልን እንለምናለን፦ በአጥቢያችሁ ቅጥር ግቢ ወይም በገዳም የወይን ሐረግ አለን? «ወይን» የሚል ቃል ያለበት የማሳ፥ የወንዝ ወይም የኮረብታ ስም ታውቃላችሁን? ወይን እንዴት እንደሚገረዝ የሚያውቅ ሽማግሌ አለን? መልሱ ቢሰበሰብ የወይና ደጋን የወይን ካርታ ለመሥራት ይቻል ይሆናል።

እኛም ወደ አዲስ አበባ በአውቶቡስ፥ ብስክሌታችንን በጣሪያው ላይ አስጭነን ተመለስን። በማግሥቱ ጋሼ ከዝዋይ መንገድ ዳር ለምነው ያገኙአትን አንዲት የወይን ቍራጭ በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልለው ለመሪጌታው ወሰዱላቸው። የቁስቋም ብርድ እንደማይስማማት ሁላችንም እናውቅ ነበር፤ መሪጌታውም ያውቁ ይመስለናል። ነገር ግን ቅጠሏን በጣታቸው እየዳሰሱ «ይህች ናት?» ካሉ በኋላ ውኃ እንዲመጣላቸው አዘዙ።